ጠባቂውን ማን አጠፋው?

አምበር ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። እንዲህ ባለች ከተማ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ብዙ ነገር ነው። የፍርድ ቤት ማመልከቻው፣ የትምህርት ቤት ፈተናው፣ የተመራቂው ሲቪ፣ የዕድሩ ደንብ፣ የመታወቂያው ኮፒ ሁሉ በአንድ ወይም በሁለት አሮጌ ማሽን ያልፋል። ስለ አንቲቫይረስ የሚጻፈው ግን አብዛኛው ኢንተርኔት ለማይቋረጥበት፣ ዊንዶውሱም በፈቃድ ለተገዛበት ቤት ነው። ስለዚህ ጥያቄውን አምበር አምጥቼ ለሁለት ሰዎች ሰጠሁት። ተናጋሪዎቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ የሚሉት ግን በየጽሕፈት ቤቱ የሚባለውን ነው። ባለሱቁ ጎልማሳ ነው። ባለሙያዋ የእኅቱ ልጅ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ኮምፒዩተር ትጠግናለች።

ባለሱቁ፦ ልጄ፣ ዛሬ ቁርጡን ንገሪኝ። አንቲቫይረስ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? አንዱ መጥቶ ያለ እሱ ኢንተርኔት መክፈት እብደት ነው ይለኛል። ሌላው መጥቶ ማሽን ከማንቀራፈፍ በቀር ምንም አይፈይድም ይላል። ሁለቱም ያውቃሉ የሚባሉ ሰዎች ናቸው።

ባለሙያዋ፦ አንቲቫይረስ ያስፈልግዎታል ጋሼ። መግዛት ግን የለብዎትም።

ባለሱቁ፦ ሳልገዛ ከየት ይመጣል?

ባለሙያዋ፦ እዚሁ ማሽን ውስጥ አለ። ይህ ዊንዶውስ 10 ነው አይደል? ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ማለት ነው፣ ዲፌንደር የሚባለውን አንቲቫይረስ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ ደካማ ስለነበር ባለሙያው ሁሉ ሌላ ጫኑ ይል ነበር። ያ ወሬ እስከ ዛሬ ይወራል እንጂ ነገሩስ ተለውጧል። አንቲቫይረስ እየፈተኑ የሚያወዳድሩ ላቦራቶሪዎች ባለፉት ዓመታት ለዲፌንደር የሚሰጡት ነጥብ በገንዘብ ለሚሸጡት ከሚሰጡት ጋር ተቀራራቢ ነው። ለአንድ ጽሕፈት ቤት ከበቂ በላይ ነው።

ባለሱቁ፦ እሱ ካለ ታዲያ ባለፈው የትምህርት ቤቱ ፈተና እንዴት ጠፋብኝ? ፋይሉን ቫይረስ በልቶት ሌሊቱን ቁጭ ብዬ እንደገና የተየብኩት እኮ በዚሁ ማሽን ላይ ነው።

ባለሙያዋ፦ እስቲ ይነሡልኝ፣ ልየው። ይኸውልዎ፣ ከታች ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ጋሻ ይመልከቱ። ቀይ ምልክት አለባት።

ባለሱቁ፦ እሷንማ ሁልጊዜ አያታለሁ። ማሽኑ ተሠርቶ ከመጣ ጀምሮ እንዲሁ ናት። ባሕሪው መስሎኝ ነበር።

ባለሙያዋ፦ ጥበቃው ጠፍቷል እያለች ነው። እንክፈታት። ሪል ታይም ፕሮቴክሽን የሚለው ዝግ ነው፤ ፋይል ሲከፈት ወዲያው የሚመረምረው እሱ ነበር። ዝቅ ሲሉ ደግሞ ኤክስክሉዥን የሚል ዝርዝር አለ። አንቲቫይረሱ እንዳይነካ የታዘዘው ቦታ እዚያ ይጻፋል። ምን እንደሚል ያንብቡልኝ።

ባለሱቁ፦ ሲ፣ ሁለት ነጥብ። ሲ ድራይቭ ነው የሚለው።

ባለሙያዋ፦ ሲ ድራይቭ በሙሉ! ዊንዶውሱ፣ ፕሮግራሙ፣ ዴስክቶፑ፣ ዳውንሎዱ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። አሁን ጥበቃውን ባበራው እንኳ ሲ ድራይቭን አትመልከት ተብሎ ታዟል። ዘበኛ ቀጥሮ ከግቢው አስወጥቶ እንደ መዝጋት ነው። ይህን ያደረገው ደግሞ ማሽኑን ፎርማት ያደረገልዎ ሰው ይመስለኛል።

ባለሱቁ፦ ያ ልጅ? ስንት ዘመን የማውቀው ልጅ! ለክፋት አያደርገውም።

ባለሙያዋ፦ ለክፋት አይደለም፤ ለክራክ ነው። ዊንዶውሱንና ኦፊሱን ያለ ፈቃድ የሚከፍተውን አክቲቬተር አንቲቫይረሱ ይይዘዋል። ስለዚህ ከክራኩ ጋር የሚመጣው መመሪያ ገና ሲጀምር አንቲቫይረስዎን ያጥፉ ይላል። ልጁ ያጠፋል፣ ይጭናል፣ ማሽኑ ይከፈታል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። መልሶ የሚያበራ የለም። እኔ ዘንድ ከሚመጡት ማሽኖች ቫይረስ በላቸው የሚባሉትን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ይህን ዝርዝር ነው፤ ብዙ ጊዜም ነገሩ እዚያው ይገኛል። ጠላት ሰብሮ የገባበት ማሽን ጥቂት ነው። በሩ ከውስጥ የተከፈተለት ግን ብዙ ነው።

ባለሱቁ፦ ክራኩ ራሱ ቫይረስ ነው እያልሽኝ ነው?

ባለሙያዋ፦ አንዳንዱ ነው፣ አንዳንዱ አይደለም፤ ክፉነቱም መለየት አለመቻሉ ነው። ሬድ ካናሪ የሚባል የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ፣ ኬኤምኤስፒኮ በሚባለው አክቲቬተር ስም የሚታደል ፋይል ውስጥ ክሪፕትቦት የተባለ ሌባ ፕሮግራም ተሸጉጦ ማግኘቱን ጽፏል። ክሪፕትቦት ብራውዘር ላይ ያስቀመጡትን ፓስዋርድ ለቅሞ ይልካል። ኬኤምኤስፒኮን በአገራችን ማሽን ስንቱ ላይ እንደማየው እርስዎም ያውቃሉ። ሌላም አለ፤ ስቶፕ ወይም ዲጄቩ የሚባለው። እሱ በብዛት የተዛመተው ክራክ በሚታደልባቸው ገጾች በኩል ነው። ፋይልዎን ሁሉ ይቆልፍና 980 ዶላር ይጠይቃል። በ72 ሰዓት ውስጥ ለሚከፍል በግማሽ ዋጋ፣ በ490 እለቃለሁ ይላል።

ባለሱቁ፦ 490 ዶላር! ይህን ማሽን ከነፕሪንተሩ ሸጬ አላመጣውም።

ባለሙያዋ፦ የሚያጠቃው ደግሞ እንደ እርስዎ ያለውን ነው። ትልቅ መሥሪያ ቤት ዊንዶውሱን ገዝቶ ይጠቀማል፤ ክራክ የሚፈልገው ድሃው ነው። ስለዚህ ወጥመዱ የተጠመደው ድሃው በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው።

ባለሱቁ፦ እሱን ተይው፣ ንግግርሽ ቀና ነው። ግን እኔ ምን ላድርግ? የዊንዶውስ ፈቃድ በዶላር ነው የሚሸጠው። ኦፊሱም እንዲሁ። አምበር ላይ ይህን የገዛ ጽሕፈት ቤት ብትፈልጊ አታገኚም። ክራክ አታድርግ ማለት ሥራህን ዝጋ ማለት ነው።

ባለሙያዋ፦ አይደለም ጋሼ። ዊንዶውሱን ከራሱ ከማይክሮሶፍት ገጽ በነጻ ማውረድ ይቻላል። ፈቃድ ባያስገቡለትም ይሠራል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ዊንዶውስን አክቲቬት ያድርጉ የሚል ደብዛዛ ጽሑፍ ይቆማል፣ የጀርባውን ሥዕል መቀየር አይፈቅድልዎትም። ዲፌንደሩ ግን ይሠራል፣ አፕዴቱም ይመጣል። በሌላ በኩል በክራክ የተከፈተው ጥጉ ላይ ጽሑፍ የለውም፣ ሥዕሉም ይቀየራል፣ ጥበቃ ግን የለውም። የቱ ይሻላል?

ባለሱቁ፦ ደንበኛ ሲያየው ያሳፍራል እንጂ፣ እሱስ ይቻላል። ኦፊሱስ?

ባለሙያዋ፦ ሊብሬ ኦፊስ አለ፣ ነጻ ነው። የወርድ ፋይል ይከፍታል፤ አንዳንድ ጊዜ ሰንጠረዡን ያዛባል፣ እሱን አልደብቅዎትም።

ባለሱቁ፦ ፓወር ግዕዙስ? ጣቴ የለመደው እሱን ነው። እሱም ከሰው ወደ ሰው በፍላሽ የመጣ ነው።

ባለሙያዋ፦ አማርኛ ለመጻፍ የግድ እሱ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ የአማርኛ ፎንትና ኪቦርድ ይዞ ነው የሚመጣው። የፊደሎቹ አቀማመጥ ግን ከለመዱት ይለያል፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ያስቸግርዎታል። ፓወር ግዕዝን ከፈለጉ ከማን ፍላሽ እንደመጣ የማይታወቀውን ትተው ከምንጩ ያምጡት። በኢትዮጵያ የተለፋበት ሶፍትዌር ነው፣ ሠሪዎቹም ዋጋቸውን ማግኘት ይገባቸዋል።

ባለሱቁ፦ እሺ፣ ክራኩን ተውኩ እንበል። ፍላሹንስ? እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ ፍላሽ ይዞ ነው የሚመጣው። መምህሩም፣ ተማሪውም፣ የወረዳ ሠራተኛውም። አልሰካም ማለት አልችልም። ትናንት አንዱ የሰጠኝ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ፋይሌ ሁሉ ሾርትከት ሆነብኝ ብሎ።

ባለሙያዋ፦ ያምጡት፣ ዲፌንደሩን አብርቼ፣ ያን ኤክስክሉዥንም ሰርዤ ልሰካው። አሁን ይመልከቱ። ፍላሹ ሲከፈት ውስጡ የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራሱ የፍላሹ ስም ያለው ሾርትከት። ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት አለበት። ሰውየው ሰነዶቼ የሉም ብሎ ደነገጠ። ፍላሹ ግን ሙሉ ነው፣ መጠኑን ይዩት። ቫይረሱ ፋይሎቹን አልበላቸውም፤ ድብቅና የሲስተም ፋይል የሚል ምልክት ለጥፎባቸው ከዓይን ሰወራቸው። በቦታቸው ይህን ሾርትከት አስቀመጠ። ሰው እሱን ሁለት ጊዜ ሲጫን መጀመሪያ የሚነሣው የቫይረሱ ስክሪፕት ነው፣ ከዚያ የተደበቀው ፎልደር ይከፈትለታል። ፋይሉ ስለተከፈተለት ምንም አልጠረጠረም። በዚያች ቅጽበት ማሽኑ ተይዟል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰካበት ፍላሽ ሁሉ ይበከላል።

ባለሱቁ፦ እኔ ደግሞ ፋይሉ ከጠፋ ብዬ ስንቱን ፎርማት አደረግሁት መሰለሽ!

ባለሙያዋ፦ ፎርማቱ ነው ያጠፋቸው። ቫይረሱ ደብቋቸው ብቻ ነበር። አትሪብ የምትባል ትእዛዝ አለች፤ በጥቁሩ መስኮት ላይ ተጽፋ ምልክቱን ታነሣለች። ይኸው ማመልከቻው፣ ፎቶው፣ ሁሉም ተመለሰ። ዲፌንደሩም ሾርትከቱን ያዘው፤ ከላይ ማስጠንቀቂያው ወጣ።

ባለሱቁ፦ ይህን አሠራር አስተምሪኝና ለሌላውም አሳያለሁ። የዚህ ነገር አመጣጡ ግን ከየት ነው? ኢንተርኔት በሌለበት እንዴት ይዛመታል?

ባለሙያዋ፦ ቫይረስ ከጥንትም በእጅ ነው የሚዞረው። ብሬይን የተባለው የመጀመሪያው የፒሲ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1986 ፓኪስታን ላሆር ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች የጻፉት ነው፤ የሸጡት ሶፍትዌር ያለ ፈቃድ ሲባዛ ጊዜ ነው አሉ። በፍሎፒ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ ዓለምን ዞረ። በፍላሽ ዘመን ደግሞ ገና ሲሰካ በራሱ የሚነሣው መጣ፤ ማይክሮሶፍት ያንን መንገድ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 በአፕዴት ሲዘጋው የሾርትከቱ ማታለያ በረታ። ስለዚህ እኛ አገር ኢንተርኔት የለኝምና ቫይረስ አያገኘኝም የሚል ሰው ይሳሳታል። እንዲያውም የፍላሹ ቫይረስ ኢንተርኔት የሌለውንም ያገኘዋል፣ ፍላሽ ላይ ጥገኛ ስለሆነ።

ባለሱቁ፦ ስለ ኢንተርኔቱ ካነሣሽ አይቀር፣ አንቺ አፕዴት አፕዴት ትያለሽ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ስንት ወር ተቀመጥን? ዲፌንደሩ አዲስ ቫይረስ የሚያውቀው መረጃ ሲወርድለት ከሆነ፣ ያን ጊዜ ምን ሊያውቅ ነበር?

ባለሙያዋ፦ እውነትዎን ነው። የዚያን ጊዜ የነበረ ማሽን ዲፌንደሩ ቢበራም ያረጀ መረጃ ይዞ ነው የከረመው።

እዚህ ላይ የራሴን ቃል ልጨምር። ኢንተርኔት ሲዘጋ የሚጎዳው ዜናና ንግድ ብቻ ተደርጎ ይወራል። የብዙዎች ማሽን ለወራት መጠገኛ ሳያገኝ መቅረቱን የሚያነሣ አላየሁም። ፋይሉም በፍላሽ ብቻ የሚዞርበት ጊዜ ያው ነበር፤ መከላከያው ሲዳከም መተላለፊያው ሰፋ ማለት ነው። ይህ ጉዳት ይቆጠር ዘንድ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ባለሙያዋ፦ ለዚያ ዓይነት ጊዜ አንድ መላ አለ። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን መረጃ በአንድ ፋይል አድርጎ ገጹ ላይ ያስቀምጣል። ከመቶ ሜጋባይት በላይ ነው። ኢንተርኔት ያለበት ከተማ የሚሄድ ሰው አውርዶ በፍላሽ ያመጣዋል፣ እርስዎ ሁለት ጊዜ ተጭነው ያስገቡታል። የዊንዶውሱን አፕዴት ግን በዚያ መንገድ ማምጣት አድካሚ ነው። እሱ ነው የሚቆጨኝ፣ ምክንያቱም ከአንቲቫይረሱም የሚበልጠው አፕዴቱ ነው።

ባለሱቁ፦ እንዴት ይበልጣል?

ባለሙያዋ፦ ዋናክራይ የሚባለውን ቫይረስ ያስታውሱታል? ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የተነሣውን። በ150 ገደማ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ማሽን ቆልፎ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሥራ አስፈታ። ሰው ምንም መክፈት አላስፈለገውም፤ ከማሽን ወደ ማሽን በኔትወርክ በራሱ ነበር የሚሄደው። የገባበትን ቀዳዳ ግን ማይክሮሶፍት መጋቢት 5 ቀን፣ ሁለት ወር ቀድሞ፣ በአፕዴት ደፍኖት ነበር። አፕዴቱ የገባለት ማሽን አልተነካም። ዳታ ይበላል ብለውም ሆነ በሌላ ምክንያት አፕዴቱን ያላስገቡት ሰዎች ናቸው ያለቀሱት።

ባለሱቁ፦ ዳታውስ መች ሐሰት ሆነ፣ ይበላል እኮ!

ባለሙያዋ፦ ይበላል። ሌሊት ዋጋው በሚቀንስበት ፓኬጅ ያውርዱት። ከወረቀትና ከቀለም ቀጥሎ የሱቁ ወጪ አድርገው ይያዙት።

ባለሱቁ፦ እሺ። አሁን ይህን ሁሉ አሟላሁ እንበል፤ ዲፌንደር በራ፣ ክራክ ጠፋ፣ አፕዴት ገባ። ከዚያ በኋላ ተኝቼ አድራለሁ?

ባለሙያዋ፦ ከተራ ሌባ አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ። ለእርስዎ ተብሎ ከተላከ ግን አንቲቫይረስ አያድንም። የኛው አገር ታሪክ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2013 የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ላይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሞከረባቸው። በስካይፕ የመጣው ፋይል ሰነድ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሃኪንግ ቲም የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ የሚሸጠው የስለላ ፕሮግራም ነበር። ያጋለጠው በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ኩባንያው ራሱ ተጠልፎ ሰነዱ ሲበተን የያኔው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲያችን ስም ከደንበኞቹ መካከል ተገኘ።

ባለሱቁ፦ እነዚያ ጋዜጠኞች ናቸው። ለምን ተራውን ሰው ይነካዋል?

ባለሙያዋ፦ አሜሪካ ሜሪላንድ ይኖር የነበረ ሌላ ሰው ደግሞ አለ፤ ጋዜጠኛ አልነበረም። ፍርድ ቤት ስሙ እንዳይወጣ ኪዳኔ ተብሎ ነው የሚታወቀው። ከወዳጅ የተላለፈለት ኢሜይል ላይ የተያያዘ የወርድ ሰነድ ከፈተ። ፊንስፓይ የሚባለው ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ ላይ ገብቶ ለወራት የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳ ቆየ፤ የልጁንም የትምህርት ቤት ሥራ ሳይቀር። የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ አልተፈጸመም ብሎ ክሱን ዘጋበት። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ገና ሲሠራ ከአንቲቫይረስ እንዲሰወር ተደርጎ ነው። ሳይበርቢት በተባለው የእስራኤል ኩባንያ ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የኦሮሞ ዲያስፖራ ታድኗል። ቪዲዮ ለማየት ፍላሽ ፕሌየር አፕዴት አድርጉ የሚል ሐሰተኛ ገጽ ነበር ማጥመጃው። ከታደኑት አንዱ ጃዋር መሐመድ የደረሰውን ኢሜይል ለሲቲዝን ላብ ተመራማሪዎች አሳለፈው፤ ነገሩ የታወቀውም በዚያ ምክንያት ነው።

ባለሱቁ፦ ስለዚህ ያዳነው አንቲቫይረስ ሳይሆን ጥርጣሬው ነው።

ባለሙያዋ፦ ጥርጣሬውና የሚያሳየው ሰው ማግኘቱ። እርስዎም አንድ ነገር ያስተካክሉ፦ ዊንዶውስ የፋይሉን ስም መጨረሻ ይደብቃል። ማመልከቻ ነጥብ ዶክ ነጥብ ኢኤክስኢ የሚለው ፋይል ለእርስዎ ማመልከቻ ነጥብ ዶክ ሆኖ ነው የሚታየው። ፎልደሩ ላይ ቪው ውስጥ ገብተው የፋይል ኤክስቴንሽን የሚለውን ያብሩት። ሰነድ ነኝ የሚል ፋይል መጨረሻው ኢኤክስኢ ወይም ኤስሲአር ከሆነ አይክፈቱት።

ባለሱቁ፦ የሚሸጡት አንቲቫይረሶች ይህን ሁሉ አያሟሉም? ቢያንስ አቫስቱን በነጻ ልጫነው እንዴ?

ባለሙያዋ፦ ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ማሽን አይጫንም፤ ሌላ ሲገባ ዲፌንደሩ ይተኛል። አቫስት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የተጠቃሚዎቹን የድረ ገጽ አጎበኛኘት ሰብስቦ ጃምፕሾት በተባለ ቅርንጫፉ በኩል ሲሸጥ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ተጋለጠ፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አዘዘ። ጠባቂ ማሽንዎን ሁሉ ያያል፤ ስለዚህ ማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ከሱቅ በተሰበረ ቁልፍ የተገዛ የሚከፈልበት አንቲቫይረስማ ከሁሉም የባሰ ነው፤ እሱም ክራክ ነው።

ባለሱቁ፦ ስልኩስ? ከቴሌብር ነው የምደውለው እያሉ የሚያታልሉት?

ባለሙያዋ፦ እሱን የትኛውም አንቲቫይረስ አይነካውም። የሚስጥር ቁጥርዎን የጠየቀዎት ሰው ሁሉ ሌባ ነው፤ ስልኩን ይዝጉት። ቴሌግራም ላይ ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ ብሎ የሚመጣውንም ሊንክ እንዲሁ።

ባለሱቁ፦ የሚቀረኝ ይህ ማሽን ነው። ዊንዶውስ 10 አብቅቷል ሲባል ሰማሁ።

ባለሙያዋ፦ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት መደበኛ አፕዴቱን አቁሟል። ለሚመዘገብ ለአንድ ዓመት የሚራዘም አፕዴት አዘጋጅቷል። የዲፌንደሩ መረጃ ግን እስከ 2028 ጥቅምት፣ በፈረንጅ፣ ይቀጥላል ብለዋል። ዊንዶውስ 11 ይህን ማሽን አይቀበለውም፤ ፕሮሰሰሩ አሮጌ ነው። ስለዚህ እኔ የምለው፣ ጥግ ያለው ሌላው ዴስክቶፕ ላይ በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ ሚንት ልጫንልዎት። ነጻ ነው፣ በአሮጌ ማሽን ይሠራል፣ የዊንዶውሱ የሾርትከት ቫይረስም አይነሣበትም። የደንበኛ ፍላሽ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይሰካ፣ ፕሪንቱም ከዚያ ይውጣ። ይህኛው ለራስዎ ሥራ ብቻ ይሁን።

ባለሱቁ፦ ይህንን ወደድሁት። ፈተናው እንደዚያ እንዳይጠፋስ?

ባለሙያዋ፦ ሁለተኛ ኮፒ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይግዙ፣ ማታ ማታ ይገልብጡና ይንቀሉት። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚያድር ከሆነ ቆላፊው ቫይረስ እሱንም ይቆልፈዋል። አንቲቫይረስ ሊገዙበት ያሰቡት ገንዘብ ለዚህ ይዋል።

ባለሱቁ፦ እንግዲህ ጨርሰናል።

ባለሙያዋ፦ አንድ ይቀራል፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ይህን ፎልደር ይክፈቱት እስቲ፤ ዳውንሎድ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚለውን።

ባለሱቁ፦ ምንድን ነው ይህ ሁሉ? የሰው መታወቂያ፣ የይዞታ ደብተር ፎቶ፣ የክስ ወረቀት...

ባለሙያዋ፦ ደንበኛ ፕሪንት አድርጉልኝ ብሎ በቴሌግራም የላከልዎ ሁሉ እዚህ ተቀምጧል። እስከ ዛሬ ጥበቃው በጠፋ ማሽን ላይ። የመሬት ክርክር ያለበት ገበሬ ወረቀቱን አምኖ ነው የሰጠዎት፤ ማሽኑ የእርስዎ ቢሆንም ሰነዱ የእሱ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አዋጁ ባይኖርም ግን ይህ አደራ ነው።

ባለሱቁ፦ እግዜር ያሳይሽ፣ አንድም ቀን እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም። ፕሪንት ካወጣሁ በኋላ ልደልተው?

ባለሙያዋ፦ ባለቤቱ ፊት ይደልቱት፣ ሪሳይክል ቢኑንም ያራግፉ። ቴሌግራሙ ላይም መልእክቱ ራሱ አለ፤ እሱን ከሁለታችሁም በኩል የሚያጠፋውን ምርጫ ይጫኑ። እንደገና ከፈለገ መልሶ ይላከው።

ባለሱቁ፦ እንዳስቀምጥለት የሚፈልግ ደንበኛስ? ብዙዎቹ የራሳቸው ኮፒ የላቸውም፤ አንተ ጋ ይቀመጥልኝ ነው የሚሉኝ።

ባለሙያዋ፦ ለነሱ ኤክስተርናሉ ላይ በፓስዋርድ የሚዘጋ ፎልደር አዘጋጅልዎታለሁ። ሊኑክሱን ከጫንሁ በኋላ፣ ዛሬ ከሰዓት።